ከአፍንጫው ማዶ የተደፋው

ኤርሲራ ሚያሎንኮ የሊንካዌ ደሴትን ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ከአባቷ ነው የወረሰችው። ቄስ ወደ ደሴቷ የሚመጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እሱም ባሕሩ ከፈቀደ ነው። በቀረው ጊዜ ደወሉን የምትደውል፣ እሑድ እሑድ ሕዝቡን የምታስጸልይ፣ የሞተውን የምትቀብር፣ የሚያጣጥር ሕፃን ሲገኝም ውኃ አፍስሳ የምታጠምቅ እሷ ናት። በቺሊ ባሉት የቺሎኤ ደሴቶች ሁሉ ይህን ሥራ የያዘ ሰው ፊስካል ይባላል። አባቷ ሲሞት ወንዶቹ "ሴት ፊስካል አይተንም ሰምተንም አናውቅ" ብለው አንገራግረው ነበር። አበልጇ ሩዴሲንዳ ግን ከሴቶቹ መቀመጫ ብድግ አለችና፣ "እናንተ ጸሎቱን እስክትሸመድዱ እኛ ሬሳ ይዘን እንጠብቅ?" አለቻቸው። ሳቅ ሆነ፤ ነገሩም በዚያው ጸደቀ።

ሩዴሲንዳ እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ባሏን ባሕር ወሰደባት፤ አንዲት ልጇን ዮላንዳን ግን ያሳደገችው ከዚያው ባሕር ዳር ሥጋው የሚበላ ዛጎል እየለቀመች ነው። ውኃው ሲሸሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ እየዘፈነች ትቆፍራለች። ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም ከቤተ ክርስቲያኑ ጣውላ ጋር ተስማምቶ ኖሯልና፣ መዝሙሩን እሷ ካላነሳችው የሚያነሳው አልነበረም። ዮላንዳን ክርስትና ያነሷት ኤርሲራና ባሏ ኦስቫልዶ ናቸው። እነሱ ልጅ ስላልወለዱ ዮላንዳ የሁለት ቤት ልጅ ሆና አደገች፤ ኦስቫልዶን "አባባ" ነው የምትለው። ለአቅመ ሥራ ስትደርስ ፖርቶ ሞንት ከተማ ሄዳ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ገባች።

ኦስቫልዶ ጀልባ አለው። "ግትሯ" ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ ሩዴሲንዳ "ስሙን ከሚስቱ ነው የቀዳው" እያለች ትስቅበት ነበር። በየዓመቱ በጴጥሮስ በዓል ከእንጨት የተቀረጸው ቅዱስ በግትሯ ላይ ቆሞ ደሴቷን ይዞራል፤ ባሕሩም ይባረካል። ይህ ክብር ከአባቱ ጀምሮ የቤቱ ነው።

ከወደቡ ፊት ለፊት ደግሞ የኩባንያው የዓሣ በረቶች ተንሳፍፈው ነበር። በትልልቅ መረብ ታጥሮ ሳልሞን የሚረባው እዚያ ነው። ከደሴቷ ወጣት እኩሌታው እዚያው ተቀጥሮ ዓሣ ይመግባል፣ መረብ ያጥባል። ሰዉ ኩባንያውን ይወደው ነበር ማለት አይቻልም፤ እንደ እንጀራ አባት ነበር የያዘው። ያበላል፣ ግን አይታመንም።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ በጋው ከልክ በላይ ሞቀ። ባሕሩ የጎመን ውኃ መሰለ፤ ሳልሞኖቹም በበረታቸው እንዳሉ ትንፋሽ እያጡ ይረግፉ ጀመር። ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ሲንሳፈፉ ከሩቅ ላየው ባሕሩ ላይ ልብስ የተሰጣ ይመስላል። ሽታው እስከ መሠዊያው ድረስ ገባ። ኩባንያው ጀልባ ያለውን ሁሉ ተከራየ። ኦስቫልዶም ተከራየ፤ ሁለት ልጆቹ በበረቶቹ የሚሠሩለት ጎረቤቱ ኖልቤርቶም ተከራየ። እምቢ ያለ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ኦስቫልዶ ቤቱ ሲገባ ልብሱን ደጅ አውልቆ ጥሎ ነው ገበታ የቀረበው።

"የት ደፋችሁት?" አለችው ኤርሲራ።

"ከአፍንጫው ማዶ።"

አፍንጫው የሚሉት ከደሴቷ ጫፍ ወደ ባሕር የሾለውን ዐለት ነው። ከሩዴሲንዳ ደጅ ይታያል።

"የኛው አፍንጫ? እዚሁ?"

"ንፋሱን አላየሽውም? ጀልባዋ ከጭነቱ ብዛት ውኃ ልትጠጣ ምንም አልቀራት። አለቃቸው ራሱ ነው በሬዲዮ 'እዚያው ድፉትና ለሌላ ጭነት ተመለሱ' ያለን።"

"ወደ ጥልቁ ውሰዱት ተብሎ አልነበረም?"

"ተብሏል።" እጁን አሸተተና ከጠረጴዛው ሥር ደበቀው። "ባሕር ትልቅ ነው፣ ኤርሲራ። ይውጠዋል።"

እሷም ድንቹን አወጣችለት፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ምስጢር አልነበረም እኮ። ደሴተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ልጆች ሳይቀሩ ዐለቱ ላይ ወጥተው ጀልባዎቹ ሲደፉ አይተዋል። በዚያ ሳምንት እሑድ ኤርሲራ መጽሐፉን ገልጣ ስታስጸልይ፣ ስለ ታመሙ፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ሞቱ ሰዎች ጸለየች። ስለ ባሕሩ ግን መጽሐፉም ምንም አልጻፈ፣ እሷም ምንም አላለች።

በጋው አልፎ ዝናቡ ሲጀምር ቀዩ ማዕበል መጣ። እንዲህ ይሉታል እንጂ ሁልጊዜ ቀይ አይደለም፤ ውኃው የተለመደውን መልኩን እንደያዘ መርዝ ይቋጥራል፤ መርዙም በዛጎሎቹ ሥጋ ውስጥ ይጠራቀማል። ቢቀቀል አይሞት፣ ቢጠበስ አይሞት። ሬዲዮው ቀን ከሌት "ዛጎል አትልቀሙ፣ አትብሉ" ይል ጀመር። በባሕሩ ዳር ማስጠንቀቂያ ተተከለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኤርሲራ ለእሑድ ቤተ ክርስቲያኑን አብረው እንዲጠርጉ ብላ ሩዴሲንዳን ልትጠራት ሄደች። ሩዴሲንዳን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አፏን በእጇ ጀርባ እየዳሰሰች አገኘቻት።

"አበልጄ፣ ከንፈሬ ጠፍቶብኛል" አለች። "የጥርስ ሐኪም ቤት የሄድኩ ነው የሚመስለኝ፣ ያውም በነፃ።"

ኤርሲራ ወደ ውስጥ ስታይ ምድጃው አጠገብ ሥጋው የተበላ የዛጎል ክምር አየች።

"ሩዴ። ሬዲዮውን አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። ሬዲዮው አሳድጎኛል? ይሄ ባሕር ነው ያሳደገኝ። ባሌን ሲወስድ እንኳ ዕዳ አለብኝ ብሎ ልጄን አብልቶልኛል። እንዴት አድርጎ..." ልትስቅ ሞከረች፤ ከአፏ ግማሹ ብቻ ሳቀ። "ጣቶቼም ሄዱ፣ አበልጄ። ኦስቫልዶን ጥሪው።"

ኦስቫልዶ ተሸክሞ ግትሯ ላይ አስተኛት። ካስትሮ ያለው ሆስፒታል ለመድረስ ረጅም ውኃ አለ፤ በአፍንጫው በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። በሬዲዮ ያገኟት ነርስ፣ መርዙ ልቧን ሳይሆን ትንፋሿን ነው የሚያቆመው፣ ትንፋሽ ካጠራት በአፋችሁ እየነፋችሁ ስጧት አለች። ዐለቱን ሲያልፉ ሩዴሲንዳ መናገር አቅቷት ነበር፤ ዓይኗ ግን ሙሉ ነበር፣ ሁሉን ታይ ነበር። ኤርሲራ ተንበርክካ አፏን በአፏ ላይ አድርጋ ነፋችላት። ኦስቫልዶ መሪውን ጨብጦ ፊቱን ወደ ኋላ አላዞረም። ኤርሲራ ነፋች፣ አረፈች፣ ደግማ ነፋች፣ ራሷ እስኪዞርና ባሕሩ እስኪጨልምባት ድረስ። የካስትሮ ቤቶች ገና ከሩቅ ብቅ ሲሉ፣ የምትነፋው ትንፋሽ እንደ ገባ ይመለስ ጀመር። ያኔም አላቆመችም። ወደቡ ሲደርሱ ትከሻዋን ይዘው ያላቀቋት የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው።

ሩዴሲንዳን ሊንካዌ አምጥተው ቀበሯት። የሙታኑን መዝሙር የሚያነሳ ጠፋ። ኤርሲራ ብትጀምረው በሁለተኛው ስንኝ ተሰበረባት፤ ሕዝቡም እንደ ነገሩ አንጠልጥሎ ጨረሰው። ዮላንዳ ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ የፋብሪካ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር እንደመጣች፣ መሬት መሬት ታይ ነበር።

በአገሩ ልማድ ለሟች ዘጠኝ ቀን ይጸለያል። በመጨረሻው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ግጥም ብሎ ሞላ። ኤርሲራ የንስሐውን ጸሎት ጀመረች፤ በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ፣ ማድረግ የሚገባንንም ባለማድረግ በድለናል፣ ስትል ሕዝቡ ተከተላት። እዚያ ላይ አሜኗ ይጠበቅ ነበር። እሷ ግን ቆመች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ያው የጸሎቱ ቃል ይመስል፣ "የበሰበሰውን ዓሣ ከአፍንጫው ማዶ ደፍተናል" አለች። "እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ።"

የተከተላት የለም።

ኖልቤርቶ ከወንዶቹ በኩል ተነሣ። "ፊስካል፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ፍርድ ቤት?"

"ጸሎት ላይ ነን፣ ኖልቤርቶ።"

"ልጆቼ የሚበሉት ከዚያው ነው። ደሞዛቸውን ነው ኃጢአት የምትይው?"

ኦስቫልዶ ኮፍያውን አነሣና በሁሉ ፊት ወጥቶ ሄደ።

ቤቷ ስትገባ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። መብራት አበራች።

"በሰው ፊት ሰቀልሽኝ" አለ።

"ስምህን አልጠራሁም።"

"መጥራት ያስፈልጋል? ሬሳዋን ያመጣሁት ዓሣውን በደፋሁበት ጀልባ አይደል?" ወደ ሬዲዮው በእጁ አመለከተ። "ሬዲዮው ላይ ፕሮፌሰሮቹን አልሰማሽም? ሙቀቱ ነው ያመጣው ብለዋል። ዓሣው ባይደፋም ይመጣ ነበር ብለዋል።"

"ሌሎቹ ደግሞ ዓሣው አባብሶታል ብለዋል።"

"እና አንቺ ማን ሆነሽ ፈረድሽ?"

"አልፈረድኩም። ገደልን አላልኩም፣ ኦስቫልዶ። ደፋን ነው ያልኩት። መድፋቱን ማንም አይክደውም።"

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ብዙም አይነጋገሩም ነበር። እሱ ጠዋት ጠዋት ወደ ጀልባዋ ይወርዳል፤ ዓሣ ለማጥመድ ግን አይደለም። ወለሉን በክሎሪንና በአሸዋ ይፈትጋል። ጣውላው ነጥቶ ነጥቶ አጥንት መሰለ። ሽታው እኮ ጠፍቷል ይሉታል ወዳጆቹ፤ እሱ ዝም ብሎ ይፈትጋል።

ለጴጥሮስ በዓል ቄሱ አባ ክሌሜንቴ መጡ። ከጀልባ ወርደው ጫማቸውን ሳያደርቁ ክሱ ጆሯቸው ደረሰ። ኤርሲራን ከመሠዊያው ጀርባ ባለችው ክፍል አስቀምጠው አነጋገሯት። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ደክሟቸዋል።

"ልጄ፣ ይቅርታ ከማን ነው የምትጠይቂው? ባሕር ነፍስ የለውም።"

"ከባለቤቱ ነው፣ አባ።"

"ባለቤቱማ ለሰው ሰጥቶታል።"

"ሰጠው እንጂ ሸጠለት?" አለች ኤርሲራ። "አዳምን ገነት ሲያስገባው ጠብቃት ብሎ አይደል? አደራ ነው። አባቴ የሰው በግ በአደራ ይዞ ሞተበት። በሽታ ይግደለው እርጅና ማንም አያውቅም። ዝም ግን አላለም፤ ቆዳውን ተሸክሞ ባለቤቱ ደጅ ሄደ። በእኔ እጅ ሞተ አለው። እኔም ሌላ አላልኩም፣ አባ። ቆዳውን ይዘን እንሂድ ነው ያልኩት።"

አባ ክሌሜንቴ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "እውነትሽን ይሆናል" አሉ። "ግን ያ ጸሎት በበዓሉ ቀን አይደገም። ከየደሴቱ ሰው እየፈለሰብኝ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መዝጋት ሰልችቶኛል። የቀሩት ደግሞ አንቺው ተቆጥተሻቸው እንዲበተኑ አልፈልግም። ትታዘዢኛለሽ?"

"እታዘዛለሁ" አለች።

በበዓሉ ቀን ካፊያ ነበር። ወንዶቹ ቅዱሱን በትከሻቸው ተሸክመው ከበሮና አኮርዲዮን አስቀድመው ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። ዮላንዳም ከከተማ መጥታ፣ በእናቷ ጥቁር ሻርፕ ተጠቅልላ፣ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። ግትሯ እንደ ወትሮው በባንዲራ አላጌጠችም። ኦስቫልዶ ከጎኗ ቆሞ ነበር፤ መወጣጫውን ጣውላ አልዘረጋም።

"ምን ትጠብቃለህ? ትከሻችን ተገነጠለ እኮ" አለው ኖልቤርቶ።

"አላሳፍረውም።"

ኖልቤርቶ ጀልባ ላይ ስለ መውጣት ይሁን ስለ ውርደት የተናገረው አልገባውም። ምናልባት ኦስቫልዶ ሁለቱንም ማለቱ ነበር።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ቅዱሱን በዚያ ወለል ላይ አላቆመውም። ስፈትገው ከረምኩ፤ አለቅ አለኝ።"

"ኧረ ምንም አይሸትም፣ ሰውዬ።"

"ለአንተ።"

"እንግዲያው በእኔ ጀልባ ይሂድ።"

ኦስቫልዶ ቀና ብሎ አየው፤ ቁጣ አልነበረበትም። "ያንተዋስ ምን ጭና ነበር፣ ኖልቤርቶ?"

አኮርዲዮኑ ቆመ። በመልሕቅ የታሰሩት ጀልባዎች ሁሉ ጎን ለጎን ይወዛወዙ ነበር፤ ሰዉም አንድ በአንድ አያቸው። ያልጫነ አልነበረም። የቅዱሱ ተሸካሚዎች ደከማቸውና ቀስ ብለው ጠጠሩ ላይ አቆሙት።

ኦስቫልዶ ኮፍያውን አውልቆ ውኃው ጫፍ ላይ ተንበረከከ። ማዕበሉ ሱሪውን አረጠበው። "ፊስካል" አላት ሚስቱን፤ በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም። "ያንን ጸሎት በይው።"

"አልችልም። ለአባ ቃል ገብቻለሁ።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ። አባ ክሌሜንቴ ካፊያው የሸፈነውን መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና ራሳቸው ጀመሩት፤ በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ፣ ባለማድረግም። እዚያ ሲደርሱ ቆም አሉ። ኦስቫልዶም "ከአፍንጫው ማዶ ደፋሁ" አለ። አንድ ሽማግሌ ከኋላው "ደፋሁ" አለ። ሌላም። አንዲት ሴት፣ ባሏ ሳይናገር፣ "ደፋን" አለች። ኖልቤርቶ ግን ልጆቹን ጠርቶ ሽቅብ ወደ ቤቱ ወጣ፤ ከእነሱ ጋር ብዙ ሰው ሄደ። የተንበረከከው ከቆመው፣ የቆመውም ከሄደው ያንስ ነበር። በዚያ ዓመት ቅዱሱ ባሕር ሳይወጣ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ኦስቫልዶ ሲነሣ ዮላንዳ ፊቱ ቆማ ነበር።

"አባባ።"

"አቤት፣ ልጄ።"

"እማዬን የገደላት ያ ነው?"

ኤርሲራ ትሰማ ነበር። ባሏ "አይደለም" እንዲል ለመነች በልቧ፤ "አዎ" እንዲልም ለመነች። የትኛውን እንደምትሻ አላወቀችም።

"አላውቅም" አለ ኦስቫልዶ።

"አላውቅም ምን ማለት ነው?"

"የሚያውቅ የለም፣ ልጄ። አይደለም ብዬ ልማልልሽ አልችልም። ነው ብዬም አልችልም።"

ዮላንዳ ሻርፑን አጥብቃ ጨመደደችው። "አዎ ብትለኝ እጠላህ ነበር። አይደለም ብትለኝ አቅፍህ ነበር። አሁን ምን ላድርግህ?"

ኦስቫልዶ የረጠበ ኮፍያውን ጨመቀ።

"መቃብሯ ላይ አትሂድ" አለች በመጨረሻ፣ ዝግ ብላ። "ሂድ እስክልህ ድረስ አትሂድ።"

"እሺ" አላት። እሷም በዚያው ቀን በመጣችበት ጀልባ ተመለሰች።

በተከታዩ በጋ ባሕሩ ጠርቷል ተብሎ ማስጠንቀቂያው ተነቀለ፤ ሰዉም እንደ ቀድሞው ጭቃ ውስጥ ገብቶ መቆፈር ጀመረ። ኩባንያው በረቶቹን ጎትቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ወሰዳቸው። የኖልቤርቶ ልጆች ተከትለውት ሄዱ። ኖልቤርቶ "የእነዚያ ባልና ሚስት ጸሎት ነው ልጆቼን ያሰደደብኝ" እያለ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ፤ መንገድ ላይ ሲያገኛቸውም ፊቱን ያዞራል። ኦስቫልዶ እንደ ገና ዓሣ ማጥመድ ጀመረ። በዚህ ዕድሜው ለሚያጠምዳት ጥቂት ዓሣ ይህን ያህል ወደ ጥልቁ የሚርቀው ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ማታ ማታ ከሚስቱ ጋር ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ፤ መነጋገሩም ቀስ በቀስ ተመልሷል። እሑድ መዝሙሩን የሚያነሳ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ኤርሲራ ዜማውን ትታ ቃሉን ብቻ ታነብበዋለች።

ከጸሎት በኋላ ወደ ሩዴሲንዳ መቃብር ትሄዳለች። ኦስቫልዶ እስከ አጥሩ ድረስ አብሯት ይሄድና እዚያ ይቆማል። ዮላንዳ አልፎ አልፎ ለክርስትና እናቷ ትደውላለች፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች፤ "ሂድ" የሚለውን ቃል ግን አላነሣችም።

አንድ እሑድ ኤርሲራ ሣሩን ስትነቅል፣ "ግባ፤ ማን ያይሃል?" አለችው።

"ቃል ነው" አለ።

እሷም ሥራዋን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ፣ "እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"መስቀሉ ዘሟል። እግሩን እርጥበት በልቶታል።"

"በየት በኩል ነው የዘመመው?"

"ወደ ባሕሩ።"

ኦስቫልዶ ቁመቱን በዓይኑ እንደሚለካ ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ ከቆመበት ግን ጫፉ እንጂ ሌላው አይታይም ነበር። "ነገ ጥሩ እንጨት እጠርብልሻለሁ" አላት። "አንቺ ትተክይዋለሽ።"